የአባቴ ቀኝ ክንድ

አዲስ አቡጀዴ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ገበያ ገብቼ ለመኝታ ክፍሌ መጋረጃ ስገዛ፣ ነጋዴው የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ነካ አድርጎ በሁለት እጁ ሲተረትረው፣ ያ ደረቅ ድምፅና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ መጡብኝ። «ሌላስ ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ ልቤ ከሱቁ ወጥቶ መንዝ ሄዷል፤ የደብራችን ግቢ ውስጥ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

አባቴን የማስታውሰው በክንዱ ነው። ፎቶግራፍ አልነበረውም፤ ፊቱም ከዓመት ዓመት እየደበዘዘብኝ ሄዷል። ቀኝ ክንዱ ግን አልደበዘዘም። ከክርኑ በታች ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነበር፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የጣት አንጓ የሚያህል ጉብታ ነበረው። ማታ ማታ አጠገቡ ስቀመጥ ያቺን ጉብታ በጣቴ እየዳበስኩ ነበር ወሬውን የምሰማው።

ያ ክንድ የተሰበረው በኔ ምክንያት ነው። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመሐል ሜዳ ገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ወንዙ ጋ ስንደርስ ድንጋዩ ሁሉ ሙልጭልጭ ብሏል። አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ሊያሻግረኝ ሲል እግሩ ከዳው። ስንወድቅ ክንዱን ከሥሬ ዘረጋው። የሰማሁት ድምፅ የደረቀ እንጨት ሲሰበር እንደሚያሰማው ነበር። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። እሱ ውሃው ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አልተመታሽም? አልተመታሽም?» ይለኝ ነበር።

ወጌሻው በሸምበቆ አሰረለት። አጥንቱ ጠገነ፤ ግን ተጣሞ ጠገነ። አባቴ ከዚያ በኋላ ማረስም መፍለጥም አላቃተውም። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የቀኝ መዳፉን ወደ ላይ መገልበጥ። እናቴ ቆሎ ስትዘግንለት ግራ እጁን ነበር የሚዘረጋው። በአገራችን በግራ መቀበል ነውር ስለሆነ የማያውቁት ይገላምጡት ነበር። አንድ ጊዜ በማኅበር ላይ አንድ እንግዳ ቄስ «በቀኝህ ተቀበል እንጂ ሰውዬ!» ብለው ሲቆጡት፣ አባቴ ሳቅ ብሎ፣ «ቀኜን ለልጄ ሰጥቻታለሁ አባቴ» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከእናቴ ጀርባ ተደበቅሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሳንባውን ታሞ በስድስት ቀን ውስጥ ሞተ። በዚያው ሳምንት ከበግ ፀጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ እየሠሩ የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችንም ሞቱ። ሁለቱንም በደብራችን ግቢ፣ አንዱን ከጥድ ሥር፣ ሌላውን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ከቋጥኝ በኩል ቀበሯቸው። እናቴ በቀብሩ ዕለት ራሷን ስታ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ስለነበር ምን እንዳየችና ምን እንዳላየች እንጃ። መቃብሮቹ ላይ የተቆለለው ድንጋይ በክረምቱ ጎርፍ ተበታተነ፤ የእንጨት መስቀሎቹም ወደቁ። እናቴ ግን በየሰንበቱ ከጥዱ ሥር ያለችውን ጉብታ ሳትሳለም ወደ ቤቷ ተመልሳ አታውቅም።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ትምህርቱን የሚሰጠን በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚታይ ሰውዬ ነው፤ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ፣ እኛ ርዕሱን ጽፈን ሳንጨርስ እሱ ሰላም ብሎን ይሄዳል። የአጥንት ትምህርት ዕለት መብራት ጠፋ። የባዮሎጂ መምህራችን ቀጭን፣ ሳል የማያጣው ሰው ነበር። ደስ ብሎት ወጣና ከሥጋ ቤት የበግ ወርች ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ ዘርግቶ ከትከሻው ጀምሮ እየነካ፣ «ስካፑላ፣ ሁመረስ፣ ሬዲየስ፣ አልና» እያለ አስቆጠረን።

ከዚያ፣ «በግ እጇን ዘርግታ የማትለምነው ለምንድን ነው?» አለ። ሳቅን። «ከክርኗ በታች ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ተጣብቀዋላ! እናንተ ግን መዳፋችሁን ገልብጡ እስቲ። አያችሁ? አንደኛው አጥንት በሌላኛው ላይ ይዞራል።»

እጄን አወጣሁ። «ሁለቱም ተሰብረው፣ ተጣመው ቢጠግኑስ?»

«ያኔማ መዞሪያ ያጣሉ። መዳፉ አይገለበጥም።»

ዴስኩ ላይ ተደፋሁ። መምህሩ የታመምኩ መስሎት ወደ ውጭ አስወጣኝ።

በዚያው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ አገር ቤት ገባሁ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሰፊው ሊሠራ ነበር። መሠረቱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ የተቀበረ ዘመድ ያለው ሁሉ አፅሙን እንዲያነሳ የአሠሪ ኮሚቴው ለፈፈ። እናቴ አንድ ጣቃ አቡጀዴ አስገዝታ ጠበቀችኝ።

ጠዋቱ ብርዳም ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበረበት። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አካፋና ዶማ ይዞ መጣ። የባና ሠሪው ሚስትም ከአንድ የእህታቸው ልጅ ጋር መጡ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። እናቴ ወደ ጥዱ ሥር እየጠቆመች፣ «የኔ ይኼ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ እንኳ ከጥዱ ሥር ያለው የኔ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር። ያንቺ ከቋጥኙ በኩል አይደለም?» አሉ።

እናቴ ድንገት ነደደች። «እንዴት እትዬ! ሰባት ዓመት ሙሉ የተሳለምኩትን መቃብር ላላውቀው ነው? የባሌን መቃብር እርስዎ ሊያሳዩኝ ነው?» ድምፅዋ ተሰበረና ማልቀስ ጀመረች።

የደብሩ አለቃ መጡ። «እባካችሁ ልጆቼ፣ እዚህ ሰው ያረፈበት ነው። ግንበኞቹም ቆመው ይጠብቃሉ።»

ሴትዮዋ እናቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ ይሁን» አሉና ወደ ቋጥኙ ሄዱ። እናቴ ወዲያው አፈረች። ሴትዮዋ አሮጌ ነጠላ ብቻ ይዘው መምጣታቸውን ስታይ፣ አቡጀዴዋን መሐል ለመሐል ቀደደችና ግማሹን ወስዳ ሰጠቻቸው። ያ ድምፅ ነው እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ።

አጎቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ «ተማሪዋ፣ ተቀበይ እንግዲህ» አለኝ። አጥንት ነጭ ይመስለኝ ነበር፤ የሻይ ቀለም ነበረው። የጥድ ሥርና የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል። እያንዳንዱን እየጠረግሁ አቡጀዴው ላይ በሥርዓት አስቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን እጄ ሥራውን ያውቃል። ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት አኖርኩ። ከዚያ የላይኛውን የክንድ አጥንት፣ ራሱ ክብ የሆነውን፣ ከትከሻው ማረፊያ ላይ ሳገናኘው ልክ ገጠመ። ነውር ይሁን አይሁን እንጃ፣ ጥያቄ እንደ መለሰ ተማሪ ደስ አለኝ። ከዚያ ከክርን በታች ያሉትን ሁለቱን አነሳሁ።

ሁለቱም ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ቀኝና ግራ ያምታታሁ መሰለኝና የሌላኛውን እጅ ፈለግሁ። እሱም ቀጥ ያለ ነው። ጉብታ የለም፤ ስብራት የለም። አራቱንም አጥንቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስኳቸው። እነዚህ ወድቀው የማያውቁ ክንዶች ነበሩ።

ቀና ስል አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የሴትዮዋን አቡጀዴ አየሁ። የእህታቸው ልጅ አጥንቶቹን እንደ ማገዶ ከምሯቸዋል። ከክምሩ ጎን የወጣ አንድ ጎባጣ አጥንት ነበር። ከዚያ ርቀት እንኳ ጉብታዋን ለየኋት።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ገረጣ» አለ አጎቴ።

«ብርዱ ነው።»

«እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ ግን ራስ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ፣ «አየሽው አባትሽን? ጥርሱን አየሽው? ያው እኮ ነው፤ ያው ጥርሱ!» አለችኝ። ሰባት ዓመት እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። የልጄ አባት፣ ቤቴ ባዶ ሆነ፣ በሬህ ሞተ፣ ልጅህ ተማረች እያለች ለማታውቀው ሰው ሁሉንም ነገረችው። አፌን ዘጋሁ። ብናገር ያን ሁሉ ቃል ከአፏ መልሼ መንጠቅ ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጠዋት ከጮኸችባቸው ሴት ፊት።

ዝም ብዬ ግን መቀመጥም አልቻልኩም።

«ልጄ» ሲሉ ሰማሁ የባና ሠሪው ሚስት፣ «ነይ እስቲ የኔንም አሰናጂልኝ። ይኼ ልጅ አያውቅበትም፤ እኔም ዓይኔ አያይም።»

ሁለቱን ቀጥ ያሉ የቀኝ ክንድ አጥንቶች ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ስደርስ ሴትዮዋ የእህታቸውን ልጅ ውሃ እንዲያመጣ ላኩት፤ እሳቸውም ወደ ጥዱ ዞረው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። የባላቸውን አጥንቶች አኖርኩና የአባቴን አነሳሁ። ነጠላዬ ውስጥ ደረቴ ላይ ሲያርፉ ቀዘቀዙኝ። የቀረውን፣ ራሱን፣ ጎድኑን፣ ትከሻውን፣ አስተካክዬ እዚያው ተውኩት። ምን ላደርግ እችል ነበር? ተመልሼ ሁለቱን አጥንቶች የእናቴ አቡጀዴ ውስጥ ከተትኩና ራሴ ቋጠርኩት።

ፍትሐት ተደረገ። አዲሱ ማረፊያ በዕጣ ተከፈለ፤ ለእኛ በግቢው በር አጠገብ፣ ለሳቸው የቅዳሴው ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ደረሰ። አባቴን ለሁለት ከፍዬ፣ ሁለት ቦታ አስቀበርኩት ማለት ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

በዚያ ዓመት ፈተናውን እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እናቴ ግን ቀለል ብሏት ነበር፤ መሳቅ ጀመረች። እኔ ሳቋን በሰማሁ ቁጥር ሥራ ፈልጌ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ አልቻልኩምና የባና ሠሪው ሚስት ቤት ገባሁ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር። እግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ «እትዬ፣ የበደልኩዎት ነገር አለ» አልኳቸው።

«የክንዱን ነው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ።

«የኔ ሰውዬ ተሰብሮ አያውቅም። ከቋጥኙ በኩል ያን ጎባጣ አጥንት ገና ሲያወጡት በእጄ ዳብሼ አወቅሁት። ያባትሽን ክንድ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «እናትሽ የምትለውን አልሰማሽም? ሰባት ዓመት የያዘችውን ነው ያን ቀን ያወጣችው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ሰውዬዬ የት እንዳለ እኔ ካወቅሁ ይበቃኛል። በሩ አጠገብ ሳልፍ እሱን እሳለማለሁ፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ሄጄ ያንቺን አባት እሳለማለሁ። ምን ጎደለብኝ?» እንዝርታቸውን መልሰው እያሽከረከሩ ደግሞ፣ «አንቺን የጠራሁሽ እንድትወስጂለት ነው። ሌላውንም ብትወስጂ ዞሬ አላይሽም ነበር» አሉ።

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የተፈተለው ፀጉር ፊቴን ይኮሰኩሰኝ ነበር፤ የበግና የጢስ ሽታ ነበረው። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ ስወጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። ሰው ሁሉ ከባላቸው ጎን ነው ብሎ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ቀበራቸው። እናቴ ለቀብሩ ድፎ ዳቦ ይዛ ሄዳ፣ ከልቧ አልቅሳላቸው መጣች።

እናቴ አሁን ከኔ ጋር ናት። ልቧ ታሞ ወደ ደብረ ብርሃን ካመጣኋት ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ አስቀምጬ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ «ስሞት አገሬ ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ምን አመጣው አሁን?»

«ስሚኝ ዝም ብለሽ። ከአባትሽ ጎን ነው የምትቀብሪኝ፤ በሩ አጠገብ። ስንት ዘመን ሆነው ብቻውን ከተኛ! እሱ እኮ ብቻውን መሆን አይወድም ነበር።»

እጄ ቆመ።

«እሺ በይኝ እንጂ» አለች።

«እሺ እማዬ» አልኳት። ከኋላዋ ስለነበርኩ ፊቴን አላየችውም።