ላሞቻቸውን ትተው ያልሄዱት እናት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ስኖር፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ላውንደሪ እሠራ ነበር። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴት ሜክሲኮ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ ሳቂታ ሰው ነበረች። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር ቀስ ብለን ነበር የምናወራው። ምናልባት በደንብ የተግባባነው ለዚህ ይሆናል።

አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች። የእናቷ መንደር ከእሳተ ገሞራ ሥር ነው። ለብዙ ዘመን ተኝቶ የቆየው ተራራ አመድ መትፋት ጀምሯል፤ መኪና ተልኮ የመንደሩ ሰው ሲወጣ እናቷ አልሄድም ብለዋል።

"ለምን?" አልኳት።

"ሁለት ላሞች አሏት።"

"ለሁለት ላም ብሎ ማን ይሞታል? ቆጣ ብለሽ ንገሪያት እንጂ!"

አንሶላዎቿን ሰብስባ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። እስከ ሥራ ሰዓታችን መጨረሻ እዚያው ለብቻዋ አጠፈች። ቤቴ ገብቼ ያልኩት ነገር ሲከነክነኝ አመሸ፤ በማግስቱ ብሬክ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ቤቷ ስልክ ስላልነበራት ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሃቫና ስትሪት የስልክ ካርድ ገዝታ እኔ ዘንድ ትመጣ ጀመር። መንደሩ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። ትደውላለች፤ ባለሱቁ በድምፅ ማጉያ እናትየዋን ይጠራል፤ እሳቸው እስኪደርሱ ጠብቃ እንደገና ትደውላለች። ስትጨርስ የተባለውን ሁሉ ትነግረኛለች። አመዱ በደረቁ ነው የሚጠረገው፤ ውሃ ከነካው እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። የውሃው በርሜል በፕላስቲክ ይሸፈናል። የላሞቹ ሣር እፍኝ በእፍኝ ይታጠባል፣ አለዚያ አመዱ ጥርሳቸውን ይጨርሰዋል። ተራራውን ደግሞ እኛ ትልቅ ሰው "ጋሼ" እንደምንለው በአክብሮት ነው የሚጠሩት። "ዛሬ ጋሼ ተቆጥተዋል" ይሉ ነበር እናትየዋ።

አንድ እሑድ ግን ባለሱቁ እናትየዋን አልጠራም፤ የሆነውን ነገራት። አመድ ሊጠርጉ ጣሪያ ላይ ወጥተው ወድቀዋል፤ ክንዳቸው ተሰብሮ ከተማ ወስደዋቸዋል። ጓደኛዬ ስልኩን እንደያዘች ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

"እሄዳለሁ" አለች።

አለቃችን ሦስት ሳምንት ፈቀደላት። እኔ ሃቫና ስትሪት ካለ የቀለምና የመሣሪያ ሱቅ ሁለት ካርቶን የአቧራ ማስክ ገዛሁ። ኤርፖርት ፓርክ አድርጌ እስከ ውስጥ ሸኘኋት። ስንሰነባበት እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

ስትመለስ ከስታ ነበር፤ ትስላለች። መንደሩ በደረሰች በሁለተኛው ቀን በእኩለ ቀን ጨልሞ መብራት አብርተው ነው ምሳ የበሉት። ባቄላው ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ጥርሷ መሃል አመድ ነው። ማስኩን ለጎረቤት ሁሉ አደለች። ጣሪያውን እሷ ስትጠርግ እናቷ ክንዳቸው በጄሶ እንደታሰረ ከሥር ቆመው "እዚያ ጋ ቀርቶሻል!" እያሉ ያዝዟት ነበር።

"አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳት" አለችኝ። "ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ጣሪያው ካልተጠረገ ከብዶት ይወድቃል። ቤቴ ከወደቀ የት እመለሳለሁ? ለላሞቹስ ማን ያጥብላቸዋል ሣሩን?'"

ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ከተራራው ራቅ ያለ መንደር የሚኖር የአክስቷን ልጅ ፈልጋ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እናቷንም ላሞቹንም እንዲቀበል አስማማችው። እናትየዋም ላሞቹ ማደሪያ እንዳላቸው ሲያውቁ እሺ አሉ።

በቀጣዩ ዓመት ተራራው ሲብስበት፣ መኪናው ሳይመጣ፣ ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው ላሞቻቸውን እየጎተቱ የወጡት እሳቸው ነበሩ። ሰላም ሲሆንም ተመለሱ። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ ከሳቋ ብዛት አንሶላው ከእጇ ወደቀ፤ እኔም አንስቼ እንደገና ወደ ማጠቢያው ከተትኩት።