ዘጠኝ ደቂቃ የሚለው ወረቀት

«ሲስተር ደቂቃ» የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ የአምቡላንስ ሹፌሮች ነን። በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት አለቃችን ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቆጣ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። አሥራ አራት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና ሠርታ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ መኪና። አጠር ያለች፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ቁጭ ብላ ምሳ ስትበላ ያየሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በሽተኛው ጋ ስንደርስ የመጀመሪያ ቃሏ «ምን ሆነ?» አይደለም፤ «ሰዓት ስንት ነው?» ነው። ሱሪዋ ላይ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍና እሱ ላይ ትሞነጫጭራለች፦ የገባንበትን ሰዓት፣ ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የሰጠችውን መድኃኒት። ሆስፒታል ስንደርስ ወደ ቅጹ ትገለብጥና ለሐኪሙ በእጁ ትሰጠዋለች። «ጠረጴዛው ላይ ተይው» ቢሏት ንቅንቅ አትልም። አንብቦ ቀና እስኪል ፊቱ ትቆማለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ያንኑ በራሷ ደብተር ትጽፋለች። እኔ እዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እበግናለሁ።

«ሲስተር፣ ሰውየው በሽተኛ ነው እንጂ የፈተና ወረቀት አይደለም» እላታለሁ።

አንድ ቀን ብቻ መለሰችልኝ። ሆስፒታል ሳለች አንድ ሰው በመኪና ይመጣል፤ ያመጡት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ፣ ምንም ሳይጽፉ ጥለውት ይሄዳሉ። መንገድ ላይ መድኃኒት ተሰጥቶት ኖሯል። እሷ ሳታውቅ ደገመችው።

«ተረፈ?» አልኳት።

«ሦስት ቀን» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልቀለድኩባትም ብል ውሸቴን ነው። ቀልጃለሁ፤ ግን እንደ ድሮው አላሳቀኝም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ጥሪ በመጣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ካልደረስን ለምን እንደዘገየን የማብራሪያ ደብዳቤ እንጽፋለን። ሦስት ደብዳቤ የጻፈ ሹፌር ከመኪና ይወርዳል። መድረሳችን የሚታወቀው ደግሞ በሬዲዮ ነው፤ «ደርሰናል» ያልንበት ሰዓት ጥሪ መቀበያው ቢሮ ያለው ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ለሆስፒታሉም ለቤተሰቡም ወረቀት ሲሰጥ የሚጻፈው እሱ ነው። ታዲያ ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈር ሲጠራን ሁላችንም ከዳገቱ ሥር ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ «ደርሰናል» እንላለን። ከዚያ በላይ መንገዱ ጠባብ ነው፣ የጭነት መኪና ይዘጋዋል፣ ማን በዚያ ይጠየቃል? ውሸት ነው ብሎ ያሰበው የለም። አዲስ ሹፌር ሲቀጠር ፍሬኑን እንደምናሳየው ይህንንም እናሳየዋለን።

የምትቆጣው እሷ ብቻ ነበረች። «አንተ ሰውዬ፣ ነዳጅ ማደያው ታሟል እንዴ?» ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዚያው ሰፈር ተጠራን፤ አንድ አዛውንት ቤታቸው ውስጥ ወድቀዋል፣ አብራቸው ያለችው ሴት ልጃቸው ብቻ ናት። በዘጠነኛው ደቂቃ ማደያው ጋ ነበርኩ። እንደ ልማዴ «ደርሰናል» አልኩ። ሽቅብ ስንወጣ አንድ የጭነት መኪና ሲሚንቶ ያራግፋል፤ ብንጮኽ፣ ብናጮኽ የሚሰማ ጠፋ። ቤቱ ስንገባ ሃያ ሰባት ደቂቃ ሆኗል። ሲስተር ደቂቃ ጉልበቷን ረስታ መሬት ላይ ተንበርክካ ደረታቸውን ግማሽ ሰዓት ተጫነች። አልሆነም።

ከአሥር ቀን በኋላ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ወረቀት ይዘው ግቢያችን ድረስ መጡ። ታላቅየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«እህታችን ‹አባባ እንደወደቀ ወዲያው ደወልኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳቸው› ትላለች። ወረቀታችሁ ደግሞ በዘጠኝ ደቂቃ ደርሰናል ይላል። ስትደርሱ ልቡ ከቆመ ቆይቷል ተብለናል። ታዲያ የቀረውን ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር? ወይ ተኝታለች፣ ወይ ዘግይታ ነው የደወለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርናትም።»

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች ሲስተር ደቂቃ፤ ደብተሯን አወጣች። «ሃያ ሰባት ደቂቃ ነው። ይኸው።»

ታናሽየው አንገቱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ሲስተር፤ ደብተር የሰው ነው። ማሽን አይዋሽም።» አለቃችንም፣ እግዜር ይስጠው፣ ቢሮው የሚያውቀው የሬዲዮውን ሰዓት ነው ብሎ አሳረገው።

እሷ አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ አየሁ። ጎማው ምንም አልሆነም። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ነበር፣ ቤቴ ውስጥ አራት ነፍስ አለ። ልጆቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።

መኪና ውስጥ ስንገባ «እኔ ተናግሬአለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው» አለችኝ። አራት ቀን ሙሉ ከሥራ ቃል በቀር አልተነጋገርንም። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር። ያቺ ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ከወንድሞቿ ጋር እየኖረች፣ አባቷን እንደገደለች እየታየች… አይ ሰው! አምስተኛው ቀን ላይ «ሲስተር፣ ከሥራ ስንወጣ እዚያ ቤት እንሂድ» አልኳት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች።

ሦስቱም ነበሩ። ልጅቷ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ደርሰናል ያልኩት ከታች ነዳጅ ማደያው ጋ ሆኜ ነው። ቤታችሁ የገባነው ከዚያ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቆይተን ነው። እህታችሁ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ታላቅየው ብድግ አለ። ሊመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝም አልፈርድበትም ነበር። መልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ታናሽየው እህቱን ማየት አቃተው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ አልደብቅም፣ ቀለል አለኝ። ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ልጅቷ ቀና አለች። «እርስዎ ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ፣ አምቡላንስ ስንጠራ ስልክ የምታነሳዋ ሴትዮ ትሰማለች?»

«አዎ። የምንናገረው ለእነሱ ነው።»

«ለካ እሱ ነው» አለች። እኔን ተወችኝና ሲስተር ደቂቃን እያየች ቀጠለች። «ሴትዮዋ ደረቱን እንዴት እንደምጫን በስልክ እየቆጠረችልኝ ነበር። እየተጫንኩ ነበር። አንዴ እንደ ማቃሰት ብሎ ነበር። ከዚያ ‹ደርሰዋል፣ ውጪና በሩን ክፈቺላቸው› አለችኝ። ስልኩን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ማንም የለም። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እያልኩ ቆምኩ። ተመልሼ ብገባ ቤቱን ያጡታል ብዬ ፈራሁ። አባባ ብቻውን ነበር።»

ሲስተር ደቂቃ ከጎኔ ተነስታ ሄደች፣ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ወንድሞቿም ተነስተው መጡ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። እስክሪብቶ አነሳና ይህን ያደረግሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወደዚያ ሰፈር በተጠራሁ ቁጥር» አልኩት። ስንት ሰው ከበሽተኛው አጠገብ ተነስቶ በር ላይ እንደቆመ ግን አላውቅም።