ቆይተሽ ቅበሪኝ

ጎረቤቴ ዱሮሲንሚ እባብ አትፈራም። ኢፌ ከተማ ገበያ ተቀምጣ የባቄላ አካራዋን ስትጠብስ የፈላ ዘይት እጇ ላይ ቢፈናጠር ዞር ብላ አታየውም። እናቷ ስታስል ግን የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

ጣጣው የመጣው ከስሟ ነው። እናቷ እማማ አጆኬ ከሷ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ጡት ሳይጥሉ ይሞቱ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ አቢኩ እንለዋለን። የሚመላለሰው ያው አንዱ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ከወዲያኛው ዓለም ሲጠሩት ይሄዳል፣ ደግሞ ተመልሶ ይወለዳል። የመጨረሻዋን ሲቀብሩ አባትየው ተመልሳ ስትመጣ እንድትታወቅ ጆሮዋን በምላጭ ሰነጠቀው። ዱሮሲንሚ ጆሮዋ ስንጥቅ ሆኖ ተወለደች። እናቷም ለመነቻት፤ ስሟ «ቆይተሽ ቅበሪኝ» ማለት ነው።

ቆየች። አግብታ ወለደች፣ ጸጉሯም ሸበተ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ እማማ አጆኬ አልጋ ያዘች፤ ዱሮሲንሚ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ገበያ ላይ ስንጠይቃት «ምን ትሆናለች፣ ከኔ በላይ ትበላለች» ትለናለች። እኔ ውሸት አልወድም፤ ተናድጄ ቤቷ ሄድኩ።

«ለምን ደበቅሽን?»

ወደ ጓዳ ሳበችኝ። «ከፈለግሽ ሳቂብኝ እቴ። እሷን የቀበርኩ ዕለት እኔን ምን ይይዘኛል? የተለመንኩት እስከዚያው ነው።»

ልስቅ ነበር፤ ያ ስንጥቅ ጆሮ ዓይኔ ሥር ሆነና እኔንም ፍርሃት ወረረኝ።

«እኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም» አለች እማማ አጆኬ ከአልጋዋ። «አንቺ ሞኝ፣ ለካ እንዲህ አንቀሽ የያዝሽኝ ለዚህ ነው? ማርና ውሃ አምጪ።»

ለጨቅላ ስም ስናወጣ እንደምናደርገው፣ በደከመ ጣቷ የልጇን ምላስ ማርና ውሃ አስነካችው። «ከዛሬ ጀምሮ ዱሮጃዬ ነሽ። ቆይተሽ ዓለምሽን ቅጪ።»

በሳምንቱ አረፈች። ዱሮጃዬ የመጀመሪያውን አፈር በእጇ መለሰች። ይኼኔ ከሩቅ አገር የመጡ አጎቷ፣ ስሟ መለወጡን ሳያውቁ፣ «ዱሮሲንሚ! ነይ ልጄ» ብለው ተጣሩ።

ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። አሮጌው ስም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጠራ፤ ከወዲያ ያሉት ቢሰሙስ? እኔ ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ።

እሷ ጆሮዋን በእጇ ሸፈነች። አልዞረችም።

«እሷ ቀብራ ጨርሳለች፣ አባባ» አለች። «እዚህ ያለሁት ዱሮጃዬ ነኝ።»