የቡሬ ቁና

ባለፈው ሐሙስ ከድር በሬን አንኳኳ። ከድር የሕንፃችን ጥበቃ ነው፤ ቅን ልጅ ነው፣ ስንቴ ዘይትና ዱቄቴን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ አድርሶልኛል። ያን ቀን የያዘው ግን ወረቀት ነበር። ክረምቱ እንደወጣ አጠገባችን የቀረችውን አንዲት ባዶ መሬት ለግንባታ መቆፈር ስለጀመሩ፣ እዚያ የነበረው አይጥ ሁሉ ተሰዶ እኛ ዘንድ ገብቷል። ኮሚቴው ቅዳሜ በየደረጃው ሥር መርዝ ሊያስቀምጥ ነውና ፈርሙ ይላል ወረቀቱ።

«ድመቷስ?» አልኩት። ደረጃ ሥር የምታድር፣ ባለቤት የሌላት ግራጫ ድመት አለችን።

«ማዘር፣ መርዙ እኮ የሚለወሰው በስንዴ ነው። ድመት እህል አትበላም» አለኝ።

እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህንኑ ቃል ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ፉሪ ላይ የተናገረ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አሁን ፎቅ የበቀለበት ይህ መሬት ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ለልጆቼ ስነግራቸው በትዕግሥት ይሰሙኛል፤ የሚያምኑኝ ግን አይመስለኝም። ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ይቆምና ጥቁሩ ጭቃ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል፣ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሸቱ፣ የተጠበሰው ሽምብራ፣ የአዲስ ገለባ ሽታ፣ ይህ ሁሉ ነበር፤ አልክድም። ሰው ስለ መኸር ሲያወራ ደስታውን ነው የሚያወራው። ለእኔ የሚታወሰኝ ወገቤ ነው።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴን ደግሞ በዚያ ክረምት በሬ እግሩን ረግጦት በከዘራ ነበር የሚሄደው። አጨዳውን ጎረቤት ደቦ ወጥቶ ረዳን። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ጥጃው፣ ምግቡ ግን የእኔ ነው። ውቂያው በተራ ስለነበርና የእኛ ተራ መጨረሻ ላይ ስለወደቀ፣ ክምራችን ሳምንታት ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። የሜዳ አይጥ ማሳው ከታጨደበት ወዴት ይሄዳል? ወደ ክምር ነዋ። የዓመቱ ቀለባችንም የሚመጣው ዓመት ዘራችንም በዚያ አንድ ክምር ውስጥ ነበር።

በእኛ ሰፈር ድመት የሌለው ሰው በመኸር ድመት ይዋስ ነበር። ወጉ የራሱ ነው። ድመቷ ጆንያ ውስጥ ትገባለች፤ የተዋሰው ሰው ጆንያውን ይዞ የባለቤቷን ቤት ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ አቅጣጫ እንዲጠፋባትና እንዳትመለስ። ባለቤቷም ውቂያው እስኪያልቅ ስሟን ጮክ ብሎ አይጠራም። ውቂያው ሲያልቅ ድመቷ ከአንድ ቁና ጤፍ ጋር ትመለሳለች። ያ የድመቷ ድርሻ ነው።

እኛ የተዋስነው ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩት ከአዴ ሙሉ ነበር። ትልቅ ሴትን አዴ ነበር የምንለው። አዴ ሙሉ ባላቸው ሞቶባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። ቡሬ የሚባል የእርሻ በሬያቸው ሲሞት ስሙን ለድመታቸው አወረሱ። «ቡሬ ብዬ የምጠራው ነገር ቤቴ ከጠፋማ ምን ቤት አለኝ» ይሉ ነበር። ሲሰጡኝም «በደንብ አብዪልኝ አልልሽም፤ የጠገበች ድመት አታድንም። ብቻ ውኃ እንዳትነፍጊያት» አሉኝ።

ቡሬ ሰነፍ አልነበረችም። በቀን አራትም አምስትም ትይዛለች። አይጡ ግን አላለቀም። ሁልጊዜ ማለዳ ክምሩን እየዞርኩ ጉድጓዱን በድንጋይና በእበት እደፍናለሁ፤ በማግስቱ ሌላ ተቆፍሮ ይጠብቀኛል። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «ዛሬስ ስንት ደፈንሽ?» ይለኛል። ለክፋት አይደለም፤ መሥራት ያልቻለ ሰው ጥያቄ ነው። እኔን ግን ከሥራው ይልቅ ጥያቄው አደከመኝ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ የአይጥ መድኃኒት በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው አየሁ። አባቴ «መርዝና እህል አንድ አውድማ አይውሉም» እያለ ከልክሎኛል። ቢሆንም ገዛሁ። በስንዴ ለወስኩና ዶሮ እንዳያገኘው በክምሩ ዙሪያ ከድንጋይ ሥር ደበቅኩት። ቡሬ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ ታየኛለች። «አንቺ እህል አትበዪም፤ ምን አገባሽ» አልኳት። ከዚያ ገብቼ ተኛሁ። በቀን፣ ያለ ሐሳብ፣ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ክምሩ ጸጥ አለ። በአራተኛው ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወርድ ቡሬን ወንዙ ዳር አገኘኋት። አፏን ወደ ውኃው አድርጋ ደርቃለች። ድመት እህል አትበላም፤ እህል የበላ አይጥ ግን ትበላለች። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ ያረፈ ጭንቅላት እንጂ።

የታጨደው ማሳ ላይ ቀበርኳት። ለአባቴ አመለጠች አልኩት። ማዶ ተሻግሬ ለአዴ ሙሉም ይህንኑ ነገርኳቸው።

«በየት በኩል ሄደች?»

«ወደ ሐና ማርያም» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

በማግስቱ በትር ይዘው ወደ ሐና ማርያም ሲወርዱ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ አየኋቸው። ሮጬ መመለስ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ «ቡሬ፣ ነይ ቡሬ» የሚለው ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማኝ ጀመር። አፈርኩ፤ ግን ማፈርና መናገር ለየቅል ናቸው።

ውቂያው አለቀ፤ ጤፉ ተረፈ። አባቴ «ብትጠፋም ሥራዋን ሠርታለች፤ ቁናዋን አድርሺ» አለኝ። ወሰድኩ። አዴ ሙሉ ተቀበሉኝ፣ በጨርቅ ሸፈኑት፣ ቆጥ ላይ ሰቀሉት።

በዓመቱ ጥቅምት ሳንጠይቃቸው ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው መጡ። ጆንያ ውስጥ ትንሽ ግልገል ድመት ይዘዋል። በሌላ እጃቸው ያው ቁና፣ ያው ጨርቅ፤ ጤፉ አልተነካም።

«ድመት ሳትመለስ ድርሻዋ አይበላም» አሉ። «ይቺ ገና ልጅ ናት። የሞተ አይጥ እንዳታነሳ ጠብቂያት።»

እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አዴ ሙሉ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ደክሞሽ ነበር» አሉኝና ጆንያውን አስጨብጠውኝ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ክፉ ነሽ ቢሉኝ በልቤ እከራከራቸው ነበር። ደክሞሽ ነበር የሚለውን ግን እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ለከድር ነገርኩት፤ ሁሉንም አይደለም፣ የአይጡን ነገር ብቻ። ራሱን አከከና «ይሄንንስ አላሰብነውም ማዘር» አለ። መርዙ ግን ተገዝቷል፣ ሌላውም ሰው ፈርሟል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጆንያ ይዤ፣ ጉልበቴን እያባበልኩ ወረድኩ። ድመቷን ስይዛት እጄን ቧጨረችኝ። ጆንያውን ይዤ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ስዞር ከድር ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር።

አሁን መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ሆና በሩን ትፍቃለች። መርዙ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ዛሬ ጠዋት ልልቀቃትና እንደፈለገች ትሁን ብዬ እጀታውን ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ አዴ ሙሉ ትዝ አሉኝ። ደክሞሽ ነበር የሚለኝ ሰው አሁን የለም። ውኃዋን ቀየርኩላትና በሩን መልሼ ዘጋሁት።