በኦቦ ከዲር ስም የሞላሁት ገብስ

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር ይህችን ብቻ እየዘለልኩ አልፌያለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

አሰላ ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ የወጪ ደረሰኝ ስሰበስብ ራሴ ይዞራል። ገበሬ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ገብስ ስንገዛ የግዢ ቅጹን የምንሞላው እኛው ነን፤ ሻጩ የመታወቂያውን ኮፒ ይሰጥና ይፈርማል።

ኦቦ ከዲር የጎበሳ ገበሬ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ሳይካፈሉ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ያርሱ ነበር። ገብሱን የሚሸጡት እሳቸው፣ ብሩንም ለሦስት የሚያካፍሉት እሳቸው። አንድ ዓመት ገብሳቸው ገና እየተመዘነ ዝናብ መጣና ለመሄድ ቸኮሉ። «ብትሳሳቺ ሌላ ይኑርሽ» ብለው ሦስት ባዶ ቅጽ ፈርመውልኝ ሄዱ። አንዱ ለእውነተኛው ግዢ ዋለ። ሁለቱን መቅደድ ነበረብኝ።

ሐምሌ ላይ የሂሳብ ሠራተኛዬ የጭነቱንና የወዛደሩን ወጪ መለሰብኝ። «ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይያዝም» አለኝ። ከኪሴ የወጣ ብር ነበርና አንጀቴ አረረ። በዚያ ንዴት ሁለቱን ቅጽ አወጣሁና ያ ወጪ እንዲካካስልኝ ኦቦ ከዲር ያልሸጡልኝን ገብስ በስማቸው ሞላሁ። እኔ ሞላሁ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

የግብር ሠራተኞች ሊያጣሩ ጎበሳ ድረስ ሄዱ። እሳቸውም «ይህን ያህል አልሸጥኩም» አሉ። ምን እንዲሉ ጠብቄ ነበር? እኔ ግን ተከዳሁ አልኩ! እውነት ስለተናገሩ ከዳተኛ አደረግኋቸው። ቢሮ ስጠራ «ይዋሻሉ፤ ፊርማቸው ይኸው» አልኩ፤ አመኑኝ። ገበያ ውስጥም «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እያልኩ ስማቸውን አጠፋሁ። ማን ማንን ነበር የጣለው?

ወሬው ወንድሞቻቸው ጋ ደረሰ። «የእኛን ድርሻ ሸጦ ደብቆብናል፤ ፊርማው የእሱ ነዋ» አሉ።

አንድ ቀን ኦቦ ከዲር ሱቄ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለመንግሥት ንገሪ አላልኩም። እሱ ይቅር። ለወንድሞቼ ብቻ ንገሪልኝ። ካንቺ አፍ ከሰሙ ያምናሉ።»

«ኦቦ፣ መጀመሪያ አሳልፈው የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የሰጠሁሽ ባዶ ወረቀት ነበር» አሉና ወጡ።

አልነገርኩላቸውም። ለወንድሞቻቸው ከነገርኩ ወሬው ዞሮ ቢሮ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ወንድማማቾቹ መሬቱን ተካፈሉ፤ አጥር ገባበት። አምና የኦቦ ከዲር ባለቤት ሲሞቱ ወንድሞቻቸው ለቅሶ እንዳልደረሱ ከአንድ የጎበሳ ሰው ሰማሁ። ወንድም ያልቆመበት ቀብር! ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሰማሁ ቀን ግን ሱቄን እንኳ አልዘጋሁም፤ ስመዝን ዋልኩ።

ብነግራቸው ብዙ ነጋዴዎች ይፈርዱልኝ ይሆናል፤ ሁሉም ያደርገዋል ይሉኛል። ቅጣት ፈርቼ ነው ልበል? የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ ልበል? አልልም። ፍርሃት ለአንድ ሰሞን ነው፤ እኔ ዝም ያልኩት ለዓመታት ነው። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ኦቦ ከዲር በሕይወት አሉ። ወንድሞቻቸውም አሉ። ወደ ጎበሳ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።