በእናቴ አልጋ ዙሪያ የቆሙት

ልጄ በተኛችበት ክፍል የበረኪናው ሽታ ሲያፍነኝ፣ በልጅነቴ እዚሁ ሆስፒታል የገባሁበት ቀን ትዝ አለኝ። እናቴን በጠና ታማ ከቢቸና አዲስ አበባ በጭነት መኪና አምጥተናት ነበር። የሕክምና ተማሪዎች አልጋዋን ከበው፣ ተራ በተራ ሆዷን ተጫኑ፤ ከመምህራቸው ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገሩና ሄዱ። እናቴ ነጠላዋን ነክሳ ሕመሙን ቻለችው።

«ደስ ይበልሽ እንጂ! ይህ ሁሉ ሐኪም ለጃንሆይም አይሰበሰብ» አላት አባቴ።

«ታዲያ አንዱ እንኳ ምንሽን ያምሻል ብሎ ጠየቀኝ?»

ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። በበሽታዋ እነዚያ ተማሪዎች ተምረውበታል፤ ለእኛ ግን የነገረን የለም።

ዛሬም ተማሪዎች መጡ። ከልጄ አልጋ ፊት ቆምኩ።

«እባካችሁ ልጆቼ፣ ከመንካታችሁ በፊት ምኗን እንደሚያማት ጠይቋት።»