የእናቴ አውራ ጣት

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የውጭ አገር ተማሪዎች ከአማኑኤል ከተማ አለፍ ብሎ ወዳለው ቀበሌያችን ይመጣሉ። ትምህርታቸው የተፈጥሮ ጥበቃ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ደን ይለካሉ፣ ገበሬውን ይጠይቃሉ፣ በየሰው ቤት ጥቂት ሳምንት ያድሩና ይሄዳሉ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ስለ ዛፍ የሚያውቁትን አልንቅም፤ ስለ ሰው ግን ያስተማራቸው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ እናቴ ቤት ያረፈችው ልጅ ገና በመጣች ሰሞን ታመመች። ትኩሳቱ ሲብስባት እናቷን እየጠራች ታለቅስ ነበር። እናቴ ሴት ልጇን የቀበረች ሰው ናትና ያ ለቅሶ አላስቻላትም፤ አጠገቧ እየተኛች አስታመመቻት። ልጅቷ ስትድን፣ የንስሐ አባታችን ባሉበት፣ እናቴ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባቻት። በእኛ አገር እንዲህ የጠባ ሰው የጡት ልጅ ይባላል። ከወለዱት አይለይም፤ ድርሻውም እኩል ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩላት። እንባዋ እየወረደ እሺ አለች። የእውነቷን ነበር፣ አልክድም።

አገሯ ገብታ ለጊዜው ትደውል ነበር፤ ኋላ ተወችው። ወንድሜ የጓሮውን መሬት ባሕር ዛፍ ተክሎበት፣ እሱን ሸጦ ጎጆ ሊወጣ አስቦ ነበር። እናቴ «የእህትህ ድርሻ ነው፤ እሷ ወይራና ኮሶ ነው የምትወድ» ብላ ከለከለችው። እስከ ዛሬ ከሁላችንም ጋር እንደተኳረፈ ነው። ተማሪ በመጣ ቁጥር እናቴ መንገድ ዳር ወጥታ ፊታቸውን ታያለች።

«ዘንድሮም የለችም?» ትለኛለች።

«ትምህርት ይዟት ነው» እላታለሁ። ምን ልበላት?

ዘንድሮ ከመጡት አንዷ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «የማሩ ሥነ ሥርዓት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ያቺ የእናቴ ልጅ አሁን እዚያ አዲስ ተማሪ መልማይ ሆናለች። የእናቴን ጣት እያወራች ታስመዘግባቸዋለች። ደሜ ፈላ። ከደን ልኬታው ቀጥሎ የሚደረግ የጉብኝት ዝግጅት አድርገውት ቁጭ አሉ!

ልጅቷ እናቴ ፊት በርከክ አለች። ጓደኛዋ ስልኳን ደግና መቅረጽ ጀመረች። ልጅቷ የፈለገችውን፣ ከማን እንደሰማችውም ጭምር፣ ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ መጀመሪያ ስለዚያችኛዋ ጠየቀችኝ። «ደህና ናት አሉ?»

«ደህና ናት።»

«የዚችስ እናት ሞታባት ነው?»

ጠየቅኳት። ልጅቷ ፈገግ ብላ እናቷ በሕይወት እንዳለች፣ ቪዲዮውንም ዛሬውኑ እንደምትልክላት ነገረችኝ።

እናቴ ተነስታ ማሩን አመጣች። ዳቦ ቆርሳ በሳህን አድርጋ ከማሩ ጋር ለሁሉም አቀረበችላቸው፣ ለማንም እንግዳ እንደሚቀርበው። ከዚያ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

«ብሉ በላቸው» አለችኝ። እነሱ መብላት ሲጀምሩ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሞት ለዚያች መርዶ እንዳትነግሯት» አለች።